ለኮሎኔሉ የወረደ ሙሾ

የፊልሙን ስም አልጠራውም፤ በጠራሁት ቁጥር አፌን ይመረኛል። ስለ ኦጋዴን ጦርነት የተሠራ የሩሲያ ፊልም ነው። ገንዘብ እንደ ውሃ ፈሶበታል አሉ። ሲጀምር በትልልቅ ፊደል «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። እውነተኛ! እኔ ደግሞ እዚህ ዙሪክ የሆነውን ልናገርና ሰሚ ይፍረድ።

ነገሩን ያመጣብን ዶክተር አስፋ ነው። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታው ከምላሴ አልወጣ ብሎኛል። በወጣትነቱ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ለሩሲያ አማካሪዎች አስተርጓሚ የነበረ፣ ኋላም ጄኔቭ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ግራንድ ሳኮኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ደህና ቤት አለው። እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰድጄ ስመጣ ወረቀቶቼን ተርጉሞልኛል፤ ዙሪክ ሲመጣም ቤቴ ምሳ በልቶ ያውቃል። የፊልሙ ሰዎች «የታሪክ አማካሪ» ብለው ቀጠሩትና ባንዱ ቀን ደወለልኝ።

«ሕብስቴ፣ እናንተ ዘንድ ዙሪክ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ እንቀርፃለን» አለ። «አማርኛ የሚናገሩ ሴቶች ፈልጊልኝ። የገበያ ጫጫታ ብቻ ነው። ቲማቲም በስንት ነው፣ ቀንሺልኝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።»

«የት አገር ገበያ?»

«ጅጅጋ።»

«ዶክተር፣ ጅጅጋ ገበያ የሚሰማው ሶማልኛ ነዋ!»

ሳቀብኝ። «ሞስኮ ቁጭ ብሎ ይሄንን የሚለይ ማን አለ ብለሽ ነው?»

ልሰናበተው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰማ ኖሯል። «እዚያ ጦርነት ላይ ነበርኩ የሚለው ሰውዬ ነው አይደል? ወዳጄን ያውቀው እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ወዳጄ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ወንድሜ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከመርሐ ቤቴ ሚሊሻ ሆኖ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፤ ከታጠቅ ወደ ኦጋዴን ተላከ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም። ያኔ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ስለነበርኩ መልኩን አላስታውሰውም። ሞቷል ብሎ የመጣ የለም፣ ተማርኳል ብሎም የመጣ የለም። ማንም ሳይነግራት ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥትም ተለወጠ።

መርዶው ላልመጣ ሰው አይለቀስም። ማልቀስ ማሟረት ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው መግደል ነው። ስለዚህ እናቴ አላለቀሰችም። የሚገርመው እናቴ ወርቅውሃ ያገር አልቃሽ ነበረች። እሷ ሙሾ ያላወረደችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር ይላሉ። ልጇ ከቀረ በኋላ ግን የሰውም ለቅሶ ላይ አፏን አልከፈተችም። «የራሴን ሳላለቅስ የማንን አለቅሳለሁ?» ትላለች። ዜግነት አግኝቼ እዚህ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ቤቴ ካመጣኋትም በኋላ ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ዝም ብላ ትመለሳለች። አርባ ዓመት ዝም!

ዶክተር አስፋን ጠየቅሁት። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ዝም አለ። እናቴ በሙሾ የታወቀች እንደነበረች ከኔው አፍ ሰምቷል። ዝም ያለበት ምክንያት ያኔ አልገባኝም።

«ይዘሻቸው ነይ» አለኝ። «እዚያው እንነጋገራለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ኦርሊኮን ወዳለው ስቱዲዮ አራት ሆነን ሄድን። እኔ፣ እናቴ፣ ረገንስዶርፍ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ትርንጎ፣ ትራም የምትነዳዋ ወርቅዬ። ትርንጎ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ ድምጿ ያምራል ብዬ ነው የወሰድኳት። ወርቅዬ ደግሞ ቀልደኛ ናት፤ ያውም ጅጅጋ ነው ያደገችው።

ዳይሬክተሩ ጢሙን ያንዠረገገ ወጣት ሩሲያዊ ነው። ሥራ ሳንጀምር ስለ ፊልሙ እውነተኛነት ሰበከን፣ ዶክተር አስፋም ተረጎመልን። የፊልሙ ጀግና የሆነው የሩሲያዊው ኮሎኔል የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር የዚያን ዘመን ነው። የታንኩን ብሎን ሙዚየም ገብተው ለክተዋል። የሬዲዮው ሽቦ እንኳ ትክክለኛው ሽቦ ነው። ሰውዬው ስለ ብሎን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ይደርሳል።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ካራማራ መጣልን፤ ጥድ የለበሰ ተራራ! ከሥሩ ገበያ። ሴቶቹ እስከ አገጫቸው ድረስ ዶቃ ደርድረዋል፤ ግማሾቹ ነብር የመሰለ ጨርቅ አገልድመዋል።

ወርቅዬ አፏን ይዛ ቀረች። «ይሄ ጅጅጋ ከሆነ እኔ የዙሪክ ከንቲባ ነኝ» አለች።

ዶክተር አስፋ ይህንን አልተረጎመም። እናቴ ስለ ልጇ ልትጠይቀው ጠጋ ባለች ቁጥርም «ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ ሥራችንን እንጨርስ» ይላታል።

ገበያውን ተጫወትንበት። ቲማቲም ገዛን፣ ተከራከርን፣ ተሳደብን። በመጨረሻ ሌላ ትዕይንት መጣ። ኮሎኔሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ደረቱ ላይ ደም አለ። እነዚያ ባለ ዶቃ ሴቶች ከበውት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም።

«አሁን አልቅሱ ይላል» አለ ዶክተር አስፋ።

«ምን ሆነን?» አለች ትርንጎ።

«ኮሎኔሉ ሞቶባችሁ።»

«በኢየሱስ ስም!» ከወንበሯ ተነሣች። «ቤቴ ሰላም፣ ልጆቼ ደህና፤ ማን ሞተብኝና ነው እሪ የምለው? ገበያ አላችሁን፣ ገበያ መጣን። ሟርት አላላችሁንም!»

ወርቅዬን አየኋት። በሁሉም የምትስቀው ወርቅዬ አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ዳይሬክተሩ ነገሩ የክፍያ መስሎት ይጨመርላቸው አለ። ጭራሽ! የሰው ሟርት በዋጋ የሚገዛ መሰለው። መቅረጫው ላይ የተቀመጠችው ስዊሳዊት ሰዓቷን ታያለች።

ዶክተር አስፋ ይሄኔ ነው እናቴን በክንዷ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ያወጣት። ስለ ልጇ ሊነግራት ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ቡና በሳንቲም ከሚሸጠው ማሽን አጠገብ አቆማት። ሁለት ወጣቶች የወረቀት ኩባያቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

«እማማ» አለ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ «ወዳጄን አውቀው ነበር። ካራማራ ላይ ነው የወደቀው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እንዲህ ነው የነገራት፣ እንዲህ፣ ቆማ።

መርዶ በኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም። እዚህ ዙሪክ እንኳ እንዲህ አይነገርም። ወሬው ከአገር ቤት ሲመጣ ለባለቤቱ አይደወልም፤ ለጓደኛው ነው የሚደወለው። ጓደኛው ለሌሎቹ ይነግራል፣ ከሥራ የሚቀረው ይቀራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ሳይነጋ በር ላይ እንሰበሰባለን። ባለ ጉዳዩ በሩን ሲከፍት ያን ሁሉ ሰው ያያል፤ ማንም ሳይናገር ይገባዋል። ሲወድቅ የሚደግፈው አለ። ይህን ዶክተር አስፋ ያውቃል። የእናቱን መርዶ ያረዳነው እኛው ነን፤ ለዚያ ብለን በሌሊት ባቡር ጄኔቭ ድረስ ሄደናል።

እናቴ አልወደቀችም። ግድግዳውን ያዘችና አየችው።

«ዶክተር፣ ሲወድቅ ፊቱ ወዴት ነበር?»

«ወደ ጠላት ነበር እማማ።»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧን አሰረች። ሰው ለብቻው ኮሪደር ላይ አያለቅስም፤ ሴቶቹ ወዳሉበት ተመልሳ ገባች። ትርንጎና ወርቅዬ ፊቷን ባዩ ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ። እናቴም አርባ ዓመት የዘጋችውን አፍ ከፈተችው።

«የፊት ቁስል አለው፣ የኋላ የለውም፤
የወርቅውሃ ልጅ ጀርባውን አይሰጥም።»

ሌላም ሌላም አለች። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትርንጎ ሟርቱን ረሳች፣ ወርቅዬ ደረቷን ደቃች፣ እኔ መልኩን ለማላውቀው ወንድሜ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መብራት በርቷል። እየቀረፁን ነው። ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል፣ ዶክተር አስፋ ደግሞ አውራ ጣቱን ለመቅረጫዋ ሴትዮ ያሳያል።

ያንን አውራ ጣት እስክሞት አልረሳውም።

ሽዋመንዲንገን ለቅሶ ተቀመጥን። ከዊንተርቱር ከተማ ሳይቀር ሰው መጣ። የጫማው ክምር ከደረጃው አልፎ የታችኛው ፎቅ ደርሶ ነበር። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሊቆጣ ወጥቶ ጥቁር የለበሰውን ሰው ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀና ወረደ። ድንኳን ባንጥልም ለወንድሜ የሚገባው ሁሉ ተደረገለት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ተለወጠች። እንቅልፍ ተኛች። ምግብ ጣማት። ክረምቱ ላይ ረገንስዶርፍ አንድ ሽማግሌ ሞተው ስንሄድ ጥግ አልፈለገችም፤ መሐል ገብታ ሙሾ አወረደች፣ ቤቱ በሙሉ ተንሰቀሰቀ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «አሁን እንደ ሰው ሆንኩ፣ ሕብስቴ» አለችኝ።

እኔ ግን ነገሩን ማጣራት ፈለግሁ። ዶክተር አስፋ ጋ ደወልኩ። በየትኛው ጦር ውስጥ ነበር? ማን ቀበረው? እርስዎስ የት ቆመው አዩት? መጀመሪያ አረሳሳኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ለሰለሰ።

«ሕብስቴ፣ አርባ ዓመት ያልመጣ ሰው ሞቶ ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው? ለእናትሽ ዕረፍት ሰጠኋቸው እኮ።»

«አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?» አልኩት። አንቱታው የተቋረጠው ያን ቀን ነው።

«ይሄ ምን ይጠቅምሻል?» አለና ዘጋው።

ጭቃ የጎረስኩ ያህል ቀፈፈኝ። ለእናቴ ልነግራት ወደ መኝታ ቤቷ ገባሁ፤ በጠራራ ቀን ለጥ ብላ ተኝታለች። አርባ ዓመት ያጣችውን እንቅልፍ ለመንጠቅ አንጀት ከየት ይመጣል? በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ፀደይ ሲገባ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ ላይ ለሚደረገው የፊልሙ ምርቃት የጥሪ ካርድ መጣልን። እንቅር ብዬ ለመንኳት። «እማዬ፣ ያሳዩን ቦታ ካራማራ አይደለም፣ ጥድ የበቀለበት ሌላ ተራራ ነው» አልኳት። «ጥድም ይሁን፣ ልጄ የወደቀበት ነው ያሉትን አገር በዓይኔ ልየው» አለች። ከሏን እንደለበሰች፣ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች በባቡር ወሰድኳት።

አዳራሹ በሱፍና በሽቶ ተሞልቷል። ዶክተር አስፋ ፊት ለፊት አስቀመጠን። ፊልሙ ተጀመረ፤ ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ ቁልፍ። የኛ ልጆች መጡ። ሚሊሻዎቹ ሲበሉ ይሻማሉ፤ ጠመንጃውን በየት በኩል እንደሚይዙት አያውቁም፤ የመጀመሪያው መድፍ ሲጮህ ጠመንጃቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ካሜራው ከኋላ ነው የሚያያቸው፤ ተራራው ሙሉ ጀርባ ብቻ ሆነ። አንድ ኮሎኔል ብቻውን ቀረና ካራማራን ያዘ። ኩባውም የለ፣ ታንከኛውም የለ፣ አየር ኃይሉም የለ። አንድ ነጭ ሰውዬና አንድ መትረየስ። እነዚያ ከየገበሬው ቤት ተለቅመው ሄደው የቀሩ ልጆች ለጌጥ እንኳ አንድ ጀግና አልተሰጣቸውም። ለሽቦ የተጨነቀ ሰው ለሰው መጨነቅ እንዴት ያቅተዋል?

ከዚያ ኮሎኔሉ ሞተ። ባለ ዶቃዎቹ ሴቶች ከበቡት። አዳራሹንም የእናቴ ድምፅ ሞላው።

«የፊት ቁስል አለው፣ የኋላ የለውም…»

ሁለተኛውን ስንኝ ቆርጠውታል። የራሷ ስም ያለበትን ነው የቆረጡት፤ የወዳጄም ስም የትም አልተሰማም። የቀረው ሙሾ በሙሉ ለኮሎኔሉ ወረደ። ከግርጌ በፈረንሳይኛ ተተርጉሟል፣ ሰዉም መሐረብ አወጣ። እናቴን በጎን አየኋት። አታለቅስም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች።

ሲያልቅ ሰዉ ወደ መቀበያው አዳራሽ ወጥቶ ወይን እየጠጣ በስንጥር የተሰካ ምግብ ይለቅም ጀመር። ዶክተር አስፋ ዳይሬክተሩን አስከትሎ መጣ። «እማማ፣ ሁሉም ስለ እርስዎ ነው የሚያወራው!» አለ።

«አስፋ» አለችው። ዶክተር አላለችውም። «ልጄ ሲወድቅ ፊቱ ወዴት ነበር ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?»

«ወደ ጠላት ነው ያልኩት።»

«ታዲያ እነዚያ ጀርባቸውን የሰጡት የማን ልጆች ናቸው?»

ዙሪያውን አየ። «ፊልም እኮ ነው እማማ። አርት ነው።»

«እውነተኛ ታሪክ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ሕብስት አንብባልኛለች። እንግዲህ ወይ አንተ ዋሽተኸኛል፣ ወይ ይሄ ሰውዬ ዋሽቷል። አንተ እውነት ነግረኸኝ እንደሆነ አሁን ንገረው። ‹ፊልምህ ውሸት ነው፣ የዚች ሴት ልጅ አልሸሸም፣ እኔ አይቻለሁ› በለው። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

ዳይሬክተሩ ምን እንደምትል ለመስማት ጓጉቶ ወደ ዶክተር አስፋ ዞረ። አስፋ ከንፈሩን አራሰ። ፈገግ ብሎ በሩሲያኛ አንድ ሁለት ቃል አለ። ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእናቴ እጅ ነሣ።

«ምን አልከው?» አልኩት እኔ።

«አመሰግናለሁ ብለዋል አልኩት» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ምራቄ አፌ ውስጥ ሞላ። ንጣፉ ላይ እንዳልተፋው ያገደችኝ እናቴ ናት። ክንዴን ጨበጥ አደረገችና ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ነጭ ፀጉሯ ተገልጦ እዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቆመች። ነጠላውን አጥፋ፣ ወይን ብርጭቆ በያዘው ክንዱ ላይ አኖረችው።

«እንካ፣ መርዶህን መልሼልሃለሁ» አለችው። «መሞቱን ብትዋሸኝ ግድ የለም ብዬ ነበር። ሌላ ማንም በሬን አንኳኩቶ ሞተ ያለኝ የለማ፤ ውሸታምም ቢሆን መጣልኝ ብዬ ተቀብዬህ ነበር። ሸሽቶ የሞተ ልጅ ግን የለኝም። ልጄ አልሞተም። ከሉን አንተ ልበሰው።»

ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል።

ባቡራችን ሎዛንን አለፈ። ሐይቁን ታያለች። ብርድ እንዳይመታት የኔን ሻርፕ ራሷ ላይ አሰርኩላት።

«ሕብስቴ፣ ያ ሁሉ ሰው ለቅሶ ደርሶናል» አለችኝ ቆይታ። «ምን ልንላቸው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«በሕይወት አለ በያቸው።»

ወንድሜ እንደሞተ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። አርባ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ለቅሶ ነው፤ እሱንም አስለቅሰዋት ወሰዱና አንድ ኮሎኔል ላይ ደፉት። አሁን እንደገና የማይለቀስለት ልጅ አላት።

በማግስቱ መደወል ጀመርኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አጠገቤ ቆማለች፣ ትሰማለች። መጀመሪያ የደወልኩት ለትርንጎ ነበር።

«ትርንጎዬ፣ ስለ ወንድሜ የነገሩን ውሸት ነው። ወዳጄ በሕይወት አለ» አልኳት።

እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ወጥ ቤቱን ሞላው። «ሃሌሉያ! ሙት የሚያስነሣ አምላክ!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ ትርንጎ።